ባለ 150 ሲሲ የቻይና ሞተር በባሕር ዳር፦ በበጋም በክረምትም ከተነዳ በኋላ

ይህ ሞተር በየሱቁ ሌላ ሌላ ስም እየተለጠፈበት ይሸጣል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ላይ የተጻፈውን ትቶ ከሥር ያለውን ላየ ሰው ግን አብዛኛው አንድ ዘር ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ጥገና በማይዘወተርበት አገር እንዲሠራ ብሎ ያወጣውን የሲጂ 125 ንድፍ ወስደው፣ ቻይናዎቹ ሲሊንደሩን ወደ 62 ሚሊ ሜትር አስፍተው 150 ሲሲ ያደረጉት ነው። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ለዚህ ዓይነት ሞተር በሙሉ ይሠራል። የእኔው በከተማው ኮብልስቶን፣ በጢስ ዓባይ ጠጠርና በጎንደር አስፋልት በጋውንም ክረምቱንም ሠርቷል። ሞተሩ ጥሩ ነው፤ ዙሪያው የታሰረበት ዕቃ መካከለኛ ነው፤ ከሱቅ ይዞት የሚወጣው ማስተካከያ ግን ለጣና ዳር አይሆንም።

ከካርቡራቶሩ እንጀምር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ ስለሚመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል፣ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ሞተሩ ይታፈናል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የካርቡራቶሩን ክዳን ፈትቶ መርፌውን ማውጣት፤ አናቱ ላይ አምስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፣ ትንሿ ቅንጥብጣቢ ብረት አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ላይ ትገኛለች። እሷን አንድ ቦይ ወደ ላይ መውሰድ ነው፤ ያኔ መርፌው ዝቅ ይልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) ማስተካከል። ትንሽ ተነድቶ ካንዴላው ሲፈታ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። «አንድ ቦይ እንዲህ ከጠቀመ ሁለት ቦይ ይበልጥ ይጠቅማል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። ወደ መተማ ቆላ ወርዶ የሚከርም ሰውም ወደ ፋብሪካው ቦታ ቢመልሰው ይሻላል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ሜዳው ላይ ምንም አይጎድልም። ችግሩ ሰው ጭኖ፣ ኋላ ዕቃ አስሮ በጎንደር መንገድ ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ያለውን ዳገት ሲጀምር ነው፤ አራተኛ ማርሽ ላይ ይደክማል፣ ሦስተኛ ላይ ይጮኻል። የፊቱን ፒኞን (ካቴናውን የሚነዳውን ትንሹን ባለጥርስ) ከ15 ጥርስ ወደ 14 ማውረድ የመጎተት ኃይሉን 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከላይኛው ፍጥነት ትንሽ ይነሣል፤ በ80 የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቤንዚን በሊትር ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ዳገትና ጭነት ሲበዛ ወደ ታችኛው ይጠጋል።

አሁን ዋናው፣ ቫልቭ። ይህ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተው በረጃጅም ዘንጎች ገፍቶ ነው፤ ላይ ድረስ የሚሄድ የጊዜ ካቴና የለውም። ስለዚህ ትንሽ «ተክ ተክ» ማለቱ ተፈጥሮው ነው። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ይጠላና መካኒኩ አጥብቆ ዝም እንዲያሰኝለት ይለምናል። ሞተር የሚገደለው እንዲህ ነው። ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ካልተተወለት በደንብ አይዘጋም፣ እሳቱ በጠርዙ እያመለጠ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ይበላዋል። ከዚያ ጠዋት አልነሣ ይላል፣ እምቅታው ይወርዳል፣ በመጨረሻ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ተፈትቶ ይወርዳል።

ልኩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለሁለቱም ቫልቭ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ማታ ቆሞ ያደረ ሞተር ይመረጣል። ካንዴላው ይፈታል፣ የቴስታታው ክዳን ይነሣል፣ በግራ በኩል የማግኔቱ ክዳን ይከፈታል። ማግኔቱ ላይ «ቲ» የምትለው ምልክት በሞተሩ አካል ላይ ካለው የምልክት መስመር ጋር እስክትገጥም ቀስ ብሎ ማዞር። እዚህ ላይ ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ሲነኩ መላወስ አለባቸው፤ አንዱ ከጠበቀ ጊዜው ሌላ ነውና አንድ ሙሉ ዙር ጨምሮ እንደገና ማየት። ዳዶውን ላላ አድርጎ 0.08ቱን የክፍተት መለኪያ ቅጠል ማስገባት፤ ቅጠሉ ሲጎተት ቀለል ያለ መያዝ ካለው በቃ። ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱን ይዞት ስለሚሄድ ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት ግድ ነው፤ የሚዘለለው ይህ ነው። በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ቢታይ በቂ ነው።

ዘይቱን ማዘግየት አይቻልም፤ ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ቆሻሻውን የሚይዙት ከታች ያለች የሽቦ ወንፊትና በቀኝ ክዳን ውስጥ እየተሽከረከረች ጥራጊውን ወደ ግድግዳዋ የምትወረውር ትንሽ ሳህን ናቸው። ስለዚህ በጠጠር መንገድ በየ1,000፣ በአስፋልት ቢበዛ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ በ20 ደብሊው 50 ዘይት መቀየር። አንድ ሊትር የማይሞላ ይወስዳል፤ መለኪያው ዘንግ ሳይጠመዘዝ አፉ ላይ ብቻ ተቀምጦ ይነበባል። የመኪና ዘይት የሚያስገቡ አሉ። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እዚያው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል፤ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ፈልጉ። ወንፊቷ ስትከፈት ሞላዋ ዘልላ ትወድቃለች፤ ከሥር ዕቃ ይቀመጥ።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውሃ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ጭምቅ ተደርጎ ይመለሳል። ደረቁን የሚመልሱት አቧራውን ለፒስተኑ ያሳልፉታል። በጋ ላይ ወደ ጢስ ዓባይ የሚመላለስ ሰው በየ500 ኪሎ ሜትሩ ቢያጥበው አይበዛም።

ክረምት ሌላ ታሪክ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሩዝ ማሳው የገባ ሰው የዋልካን ጭቃ ያውቀዋል፤ በፊት ጎማና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። ከፋብሪካ የሚመጣው ፓራፋንጎ ለጎማው በጣም ይቀርባል። አራቱን ብሎኖች በረዘሙ ቀይሮ ከሥራቸው ቁራጭ ቱቦ አስገብቶ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይገላግላል። ከሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የገባውንም ጭቃ ሳይደርቅ ማጠብ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና እዚያ የደረቀ ጭቃ ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። የኋላው ፍሬን ሸራ ውሃ ሲገባው አይዝም፤ ከውሃ እንደወጡ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ ጥቂት ሜትሮች መንዳት ያደርቀዋል። የካንዴላው ኮፍያ ጎማ ከተሰነጠቀ ዝናብ ሲመጣ ሞተሩ ይጠፋባችኋል፤ ከሰኔ በፊት ቀይሩት።

ኮብልስቶኑ ደግሞ ብሎን ይፈታል። ቀድመው የሚላሉት የማርሚታው ማሰሪያና የታርጋው ብሎን ናቸው፤ ብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይበቃቸዋል። የመሪው ኩሽኔታም ይላላል፦ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ሹካውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፣ «ቋ» ካለ ማጥበቅ። ካቴናው ባለ 428 ነው፤ መካከሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላወስ፤ ሲያልቅ ከፒኞንና ከኮሮና (ከኋላው ትልቅ ባለጥርስ) ጋር አብሮ ይቀየር እንጂ ብቻውን አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ቶሎ ይበላሻል። ጎማው ላይ ፊት 25፣ ኋላ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ፒኤስአይ ይዞ ነው የሚነዳው። የኋላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀይሩ ጥርሱ ዘርዘር ያለውን ውሰዱ።

መብራቱ ደካማ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይደበዝዛል፤ ማታ ከብት በሚያቋርጥበት የገጠር መንገድ አልመክርም። በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን የግድ ከሆነ ደግሞ ማግስቱን የካርቡራቶሩን የታችኛ ማፍሰሻ ብሎን ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው፦ ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት፤ ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጅ ዳስሱ፣ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛው ሞተር በቾክ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምት መነሣት አለበት። ጋዝ ተሰጥቶ ሲለቀቅ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ይበላል። ካቴናውን ኮሮናው ላይ ከኋላ በኩል ጎትቱ፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራሳችሁ ጭቃውን ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንብቡ፤ ሻጩ አያንብብላችሁ።