ጎተራው ሰፊ ነው፤ ነቀዙስ? የጨረር ሕክምና ዕቅድ ማከማቻዎች ሲነጻጸሩ

ለጨረር ሕክምና ክፍል የመረጃ ማከማቻ የሚያቀርብ ሻጭ ፕሮፎርማው አናት ላይ የሚጽፈው ቴራባይቱን ነው። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰኝ ቁጥሩን ትቼ ወደ ታች እወርዳለሁ። አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው፤ 200 ቁራጭ 100 ሜጋባይት ይሆናል። የአካላት ወሰን፣ ዕቅዱና የጨረር መጠን ስርጭቱ ተጨምረው እጥፍ ይሁን ብንል በዓመት 500 ታካሚ 100 ጊጋባይት ነው። በየሕክምናው ቀን የሚነሣው የማረጋገጫ ምስል ይህን ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል፤ ቢሆንም ሰፊ ጎተራ ዛሬ ብርቅ አይደለም። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ማሽላውን የሚያጣው ግን በነቀዝ ነው።

ነቀዙ የሚታየው ታካሚው ሲመለስ ነው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ወርዶ አከርካሪው ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ ሕመሙ ቢያገረሽበት፣ «30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ተሰጥቷል» የሚል ማጠቃለያ ለሐኪሙ አይበቃውም። ጨረሩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በሚሰጥበት በተለመደው አከፋፈል ኅብለ ሰረሰር ከ45 እስከ 50 ግሬይ እንዳያልፍ ስለሚጠነቀቁ፣ የቀድሞው ጨረር የት እንዳረፈ ማየት አለበት።

የዕቅድ ሶፍትዌሩ የራሱ ማኅደር ሁሉንም ነገር ይይዛል፤ ዕቅዱን ከፍቶ እንደገና ማስላትም ይቻላል። ነገር ግን ቁልፉ ሻጩ እጅ ነው፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ወይም ክፍሉ ሌላ ሶፍትዌር ከገዛ ጎተራው ተቆልፎ ይቀራል። የራጅ ክፍሉ ፓክስ (የሕክምና ምስል ማከማቻ ሥርዓት) ካለ ርካሽ ይመስላል፤ የተሠራው ለምስል ስለሆነ ግን ዕቅዱንና የመጠን ስርጭቱን ተቀብሎ የማያሳይ ሞልቷል። እንደ ኦርታንክ ያለ ነጻ የዳይኮም ሰርቨር የጨረር ሕክምና ፋይሎችን በዳይኮም፣ ማለትም የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በሚጋሩት የሕክምና ምስል ደረጃ ያስቀምጣል፤ ሶፍትዌሩ የውስጥ ስሌቱን የሠራባቸው ቅንብሮች ግን አብረው አይመጡም፤ የሚንከባከበው ባለሙያም ይፈልጋል። እኔ ዋና ማኅደር ይሁን የምለው ይህንን ነው፤ የሶፍትዌሩን ማኅደር ደግሞ በየወሩ ዲስክ ላይ ገልብጦ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ማኖር።

ቴፕ 30 ዓመት ይቆያል ይባላል፤ የኤልቲኦ 9 (የዚህ ቴፕ ዘጠነኛ ትውልድ) ማንበቢያ ግን ከራሱና ከኤልቲኦ 8 ቴፕ ወደ ኋላ አያነብም። ክላውድ ለተጨማሪ ቅጂ ይሆናል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ መረጃው የት አገር እንደሚያርፍ ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ። ሁለት ዲስክ አንድ ሳጥን ውስጥ ስላለ «ቅጂ አለ» የሚለውን አትስሙ፤ ከአንዱ የተሰረዘ ከሌላውም ይሰረዛል።

የእኛው ነቀዝ ስም ነው። ወልደ ሚካኤል በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የልደት ዓመቱን አንዱ ማሽን በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይይዘዋል፤ አንድ ሰው ሦስት ታካሚ ይሆናል። ስለዚህ ማከማቻው በካርድ ቁጥር የሚፈልግና የተከፋፈለውን መልሶ የሚያገናኝ ይሁን።

ከመፈረም በፊት የአንድ ታካሚ ሙሉ ዕቅድ ስሙን ሰርዛችሁ ለሻጩ ስጡት። ያስገባው፣ ያውጣው፣ ከዚያም በሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ይክፈተው። የጨረር መጠኑን የሚያሳዩት መስመሮች ምስሉ ላይ በቦታቸው ካላረፉ ስለ ዋጋው መነጋገር አያስፈልግም።