ሳታይ የማትነካ የጥርስ ሐኪም

ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ እንኳን በአንድ በኩል ነበር የማላምጠው። የታችኛዋ የጥበብ ጥርሴ ተጋድማ በቅላ ሌሊት ሌሊት ታስለቅሰኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ አፌን ሳያዩ ዋጋ ነገሩኝ። ሁለተኛው ትንሽ ራጅ አንስቶ «ቀላል ናት፣ አሁኑኑ እንንቀላት» አለ። «ነርቩስ?» ብዬ ስጠይቀው «ኢንተርኔት አታብዢ» ብሎ ተቆጣኝ። ስማቸውን አልጠራም፣ ግን አልረሳውም።

ነርቭ ነርቭ የምለው ወድጄ አይደለም። አክስቴ ከዓመታት በፊት የታች መንጋጋዋን ተነቅላ ከንፈሯ እስከ ዛሬ ደንዝዟል። ቡና ስትጠጣ አገጯ ላይ ሲወርድ አይታወቃትም። በዓይን እንጠቅሳታለን፣ እሷም ሳቅ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ጎትታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንዲት ዶክተር ጋ ወሰደችኝ። ጭንቅላት የሚዞረውን ራጅ አይታ ዝም አለች። «ሥሩና ነርቩ ተደራርበው ይታያሉ። ይሄ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይነካኩ አይነካኩ አይለይልኝም። ለሁሉም ሰው አላዝም፣ አንቺን ግን ስሪዲ፣ ጥርሱን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ፣ ሳላይ አልነካሽም» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ብሬን ልትበላ ነው ብዬ ነበር በሆዴ።

ስሪዲው ሲመጣ ወንበሯን አጠገቤ ስባ፣ ስክሪኑን ወደኔ አዙራ ቀዩን መስመር በእስክሪብቶ ተከተለችልኝ። ከዚያ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ በነርቩና በሥሩ መሃል ስስ አጥንት አለ። «የከንፈርሽና የአገጭሽ ስሜት በዚህች ክር ነው የሚመጣው» ስትለኝ እንባዬ መጣ። የአክስቴን ታሪክ ዘረገፍኩላት። ውጭ ሰው እየጠበቃት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ምንም አይፈጠርም ብዬ አልምልልሽም። የት እንዳለ ግን አውቄ ነው የምገባው» አለች። በቃ፣ አመንኳት።

ጥርሷን ቆራርጣ አወጣቻት። ማታ ማደንዘዣው የሚለቅበትን ሰዓት ቆጥራ ደወለች። «እስቲ ከንፈርሽን ቆንጠጥ አድርጊው።» ቆነጠጥኩት። አመመኝ! ህመም እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። እናንተም የታች መንጋጋ ልታስነቅሉ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ነርቩ የት እንዳለ ጠይቁ። የሚቆጣችሁ ካለ ተነስታችሁ ውጡ። ስሜን በአደባባይ አትጻፊ ስላለችኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

አክስቴንም በሌላው በኩል ሕመሙ ጀምሯታል። ሐኪም ጋ ከሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ስትል ከርማ፣ ማክሰኞ ዶክተሯ ጋ ልንሄድ እሺ ብላኛለች።