ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ለመፈለግ ለየትኛው ድረ ገጽ ይከፈል? የፕላውደን ስም ሲፈተሽ

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሁለቱን እንግሊዛውያን ያውቃቸዋል፤ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንንና ሊቀመኳስ ዮሐንስ የተባለውን ጆን ቤልን። ሁለቱም የሞቱት በ1860 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቤልን ዘመዶች ለመፈለግ የተነሣ ሰው ቤል በሚባሉ ሰዎች ብዛት ይዋጣል። ፕላውደን ግን ብርቅ ስም ነው፤ በሽሮፕሺር አውራጃ ከምትገኝ በዚሁ ስም ከምትጠራ ትንሽ መንደር የመጣ ነው። ድረ ገጾቹን ያነጻጸርኩት ይህን ስም ይዤ ነው። የትዳር ጓደኛቸው ወይም ልጆቻቸው እንዲህ ያለ የእንግሊዝ ስም ለያዙ ወገኖቻችንም መንገዱ ያው ነው።

እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር በየትውልዱ ስሙ ይለወጣል። እንግሊዞች ዘንድ ያው ስም ከአባት ወደ ልጅ ለዘመናት ይወርዳል። ስሙ ብርቅ ከሆነ ደግሞ በመዝገብ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ለቅሞ መሰብሰብ ይቻላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ወጪንም ይቀንሳል።

ስለዚህ ከነጻዎቹ ይጀምሩ። በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው። በጎ ፈቃደኞች ከ1998 ጀምሮ የገነቡት ፍሪቢኤምዲ የዚህን መዝገብ ማውጫ ያለ ክፍያ ያሳያል። የቤተሰብ ስሙን ብቻ ጽፈው የብዙ ዓመታቱን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ማውጣት ይችላሉ፤ ለስሚዝ የማይታሰብ ሥራ ለፕላውደን በአንድ ምሽት ያልቃል። ጉድለቱ የእናትን የቤተሰብ ስም የሚሰጠው ከ1911 አጋማሽ ወዲህ ላሉ ልደቶች ብቻ መሆኑ ነው። የመንግሥቱ ጠቅላላ መዝገብ ቤት በራሱ ድረ ገጽ ያወጣው ማውጫ ግን የእናትን ስም ከ1837 ጀምሮ ይነግራል፤ ሆኖም በየጥቂት ዓመቱ እየቆራረጡ መፈለግ ግድ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተው ይሥሩ። ሰነድ ሲገዙ ደግሞ 12.50 ፓውንድ ወደሚያስከፍለው የምስክር ወረቀት አይቸኩሉ፤ ለቆዩት ልደቶች በ3 ፓውንድ የሚሸጠው የመዝገቡ ምስል ለዘር ቆጠራ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል።

ሦስተኛው ነጻ ድረ ገጽ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ፋሚሊሰርች ነው። ስፋቱ ያስደንቃል። ነገር ግን አንዳንድ ምስሎቹ የሚከፈቱት በማእከሎቹ ወይም አብረውት በሚሠሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው።

ከ1837 በፊት ወዳለው ዘመን ሲሻገሩ ክፍያው ይመጣል። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች የተጀመሩት በ1538፣ የሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል ባወጣው ትእዛዝ ነው። ዛሬ ምስላቸው በድርጅቶች መካከል በየአውራጃው ተከፋፍሏል፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ በማስታወቂያ ብዛት ይመርጣሉ። መምረጥ ያለባቸው በአውራጃው ነው። የለንደን፣ የላንካሺር፣ የዶርሴትና የምዕራብ ዮርክሺር ስም ከሆነ አንሴስትሪ የተባለውን የክፍያ ድረ ገጽ ይያዙ። የሽሮፕሺር፣ የዴቨን ወይም የስታፎርድሺር ከሆነ ተፎካካሪው ፋይንድማይፓስት ይሻላል።

ለፕላውደን ያለ ማመንታት ፋይንድማይፓስትን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ሽሮፕሺር ነው። ሁለተኛው፣ የቆንስሉ አባት በቤንጋል የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ ነበር፤ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት በሕንድ የኖሩ እንግሊዛውያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች በዚህ ድረ ገጽ ይገኛሉ። ሦስተኛው ሃይማኖት ነው። በ1585 የሞተው ታዋቂው የሕግ ሰው ኤድመንድ ፕላውደን ካቶሊክ ነበር፤ የመንደሩ ባለርስት ቤተሰብም ከእርሱ በኋላ በዚያው እምነት ጸንቷል። የካቶሊክ ልጅ ጥምቀት በአጥቢያው የአንግሊካን መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ከ1754 እስከ 1837 ድረስ ግን ሕጉ ካቶሊኮችንም በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንዲጋቡ ያስገድድ ስለነበር ጋብቻው እዚያ ይገኛል። ፋይንድማይፓስት ከ2017 ጀምሮ የካቶሊክ መዝገቦችን ለብቻ ያወጣል።

የአንሴስትሪ ኃይል በካንተርበሪ ፍርድ ቤት የጸደቁ ኑዛዜዎችና ተጠቃሚዎች የሠሯቸው የዘር ሐረጎች ናቸው። ኑዛዜዎቹ ወርቅ ናቸው። ሐረጎቹን ግን ይጠንቀቁ፤ ብርቅ ስም ያለው ሰው ራሱን ከባለርስቱ ቤት ጋር ማገናኘት ያምረዋል፣ ሌላው ያንኑ ይገለብጣል፣ ስሕተቱ እውነት መስሎ ይባዛል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ ለአንድ ወር ብቻ ይግዙ፤ ክፍያው በራሱ እንዳይታደስም በገዙበት ቀን ያጥፉት። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ላልተጠቀምኩበት ዓመት ሙሉ ከፍያለሁ።

ዲኤንኤስ? የአንሴስትሪ ምርመራ የእናትንም የአባትንም ወገን ስለሚያሳይ የቅርብ ዘመድ ለማግኘት ጥሩ ነው፤ የስሙን መስመር ግን ለይቶ አይከተልም። ስሙን የሚከተለው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፈው የዋይ ክሮሞዞም ነው፤ ይህን ምርመራ ፋሚሊትሪዲኤንኤ ይሸጣል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ጥናት እንደ አተንቦሮ ያለ ብርቅ ስም የሚጋሩ ወንዶች በብዛት የአንድ አባት ዘር ሆነው ተገኝተዋል፤ ስሚዞች ግን አይደሉም። ስለዚህ ይህ ምርመራ ዋጋ የሚያወጣው ለብርቅ ስም ነው። ሴት ከሆኑ ስሙን የያዘ ወንድምዎ ወይም አባትዎ ይመርመር።

ስለ ቆንስሉ ስለ ራሱ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ለማንም አይክፈል። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ለንደን ውስጥ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኤፍ ኦ 1 በሚል ምልክት ተቀምጠዋል፤ የአንባቢ ካርዱ በነጻ ይሰጣል።