ሴስና 172 ወይስ ፓይፐር ፒኤ 28? በነዳጅ በኩል ሲታዩ

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ስለ አብራሪነት የሚያወሩ ወጣቶች አይጠፉም፤ ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ላይ ነው። እኔ ብሆን ከእነዚህ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች አስቀድሜ የማየው የነዳጅ መምረጫውን፣ ማለትም ሞተሩ ከየትኛው ክንፍ ታንክ ነዳጅ እንደሚወስድ የሚወስነውን ማዞሪያ ነው።

ሴስና 172 ክንፉ ከላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል። መምረጫው "ግራ"፣ "ቀኝ" እና "ሁለቱም" የሚል ቦታ አለው። "ሁለቱም" ላይ ካደረጉት የቅያሬ ጣጣ የለም። የፓይፐር ፒኤ 28 ክንፍ ግን ከታች ነው፤ ነዳጁ በፓምፕ ይሳባል፣ "ሁለቱም" የሚባል ቦታም የለውም፤ ቢኖረው ፓምፑ ከባዶው ታንክ አየር ይስብ ነበር። ስለዚህ አብራሪው ሰዓት እያየ፣ ብዙ ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ታንክ ይቀያይራል። ከረሳ፣ አንዱ ክንፍ ነዳጅ እንደያዘ ሞተሩ ይጠፋል። ይህ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ከደረሰ ታንኩን ቀይሮ፣ ረዳት ፓምፑን አብርቶ ሞተሩን ለማስነሳት ጊዜ ላይበቃው ይችላል።

ለጀማሪ ሴስና ይሻላል ባይ ነኝ። ግን "ሁለቱም" ያዘናጋል፤ ነዳጁ ካለቀ አለቀ፣ የሚዞሩበት ታንክ የለም። ፓይፐር ቢያንስ ሂሳብ ያስይዛል።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ የነዳጅና የአየር ድብልቁን ያላሳሳ (የነዳጁን ድርሻ ያልቀነሰ) አብራሪ በሁለቱም አውሮፕላኖች ካሰበው በላይ ያቃጥላል። የነዳጅ ጠቋሚውን ብቻ ማመንም አይበጅም፤ ከመነሳት በፊት ክዳኑን ከፍቶ በመለኪያ ዘንግ ማየት ነው። በዚህ ፓይፐር ይበልጣል፦ መሰላል አያስፈልገውም።