ሲሊያክ ላለበት ልጅ የመንገድ እንጀራ የሚጋግሩልንን እናት ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ይህን የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ግሉተን (ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የማይስማማው ልጅ ይዛችሁ ረጅም መንገድ ለምትነዱ ወላጆች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በቤታቸው እንጀራ የሚጋግሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አላሰፍረውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ። ልጃችን እንጀራዋን በልታ፣ ጠግባ፣ ሆዷን ሳያማት አትላንታ የምትገባው በእኝህ እናት ሙያ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እሳቸውን እስክናገኝ ያየነውን ፍዳ ስሙኝ። «ጤፍ ነው ወይ?» ብለን ጠይቀን «አዎ፣ ጤፍ ነው» የተባልንበት እንጀራ ጀርባው ሲነበብ ጤፍ፣ ገብስና ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ይላል። ሰልፍ ራይዚንግ ማለት ደግሞ ስንዴ ነው። ሌላ ቦታ ጭራሽ የተጻፈ ነገር የለም፤ ብንጠይቅ የሚሰማን አጣን። አንድ ምግብ ቤት «እንጀራ ሁሉ ግሉተን የለውም፣ አትጨነቁ» ብለው አሳልፈው፣ ልጅቷ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» ያለን ሰውም አለ። ሲሊያክ አለርጂ አይደለም፣ ምርጫም አይደለም። ግሉተን በገባ ቁጥር የገዛ ሰውነቷ ትንሹን አንጀቷን ይጎዳዋል። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ባይታይ እንኳ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ለዚህ ነው «ትንሽ» የሚባለው ነገር እኛ ቤት የማይሠራው።

ነጋዴው ለምን እንደሚደባልቅ መረዳት ይጠቅማል። ግሉተን ሊጡን የሚያያይዘው ነገር ነው። ጤፍ ያ የለውም፤ ስለዚህ ንጹህ የጤፍ እንጀራ በደንብ ካልተያዘ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይደርቃል። ስንዴ ወይም ገብስ ሲገባበት ይለሰልሳል፣ ይሳባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። መደባለቅ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ የሚያስቆጣው ደባልቆ «ንጹህ ነው» ማለት ነው።

ሌብል ስታነቡ ደግሞ ይህን አስተውሉ። በአሜሪካ ሕግ የታሸገ ምግብ ስንዴ ካለበት በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ገብስና ራይ ግን በዚያ የአለርጂ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ከታች «ስንዴ አለው» ስላላለ ብቻ ነጻ ነው ማለት አይደለም። «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ካለበት ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) መስፈርት አለው፤ የግሉተኑ መጠን ከሚሊዮን 20 እጅ በታች መሆን አለበት። የገብስ ብቅል ከረሜላ ውስጥ፣ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ የተሠራ የቁርስ ሲሪያል ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ልጅ «ሩዝ ነው፣ በቆሎ ነው» ተብሎ የሚታመመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ልመለስ። መጀመሪያ ስንደውልላቸው ስለ ዋጋ አላወሩም። «ልጅቷ ሐኪም ያየው ሲሊያክ ነው ወይስ ስንዴ እንዲሁ ያስቸግራታል?» አሉ። ቀጥለው «ሽሮውን የምታመጡት ከየት ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት የጠየቀን ሰው የለም። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ሽሮና በርበሬ ብዙ ጊዜ የተፈጨው ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው። ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት መጀመሪያ ከገባው እህል ጋር አብሮ ይወጣል። እንጀራው ንጹህ ሆኖ ልጁ ሽሮ በበላ ቁጥር የሚታመም ከሆነ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉት። እሳቸው ሽምብራውንና አተሩን ቆልተው ቤታቸው ባለ መፍጫ ይፈጩታል፤ በዚያ መፍጫ ሌላ እህል ገብቶበት አያውቅም።

የማልረሳላቸውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ነገ ልንነሳ ዛሬ ደወሉ። «ልጄ፣ ዛሬ እንጀራ አልሸጥልሽም» አሉኝ። ሁልጊዜ የሚገዙት ዱቄት፣ ያው ኩባንያ፣ ያው ከረጢት፣ አዲሱ ላይ ግን አንድ ትንሽ መስመር ተጨምሮበታል፤ ስንዴ በሚዘጋጅበት ቦታ የተዘጋጀ ይላል። ሊጡ አልቆ፣ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊሰማ ሲል ነው በመነጽራቸው ያነበቡት። «ለሌላ ሰው ይሆናል፣ ለእሷ አይሆንም» ብለው የከፈልነውን መለሱልን። ቤታቸው ስንሄድ ደግሞ ሩዝና ምስር ወጥ ሠርተው፣ ድንች ቀቅለው፣ በዕቃ ቋጥረው ጠበቁን። ገንዘብ አልተቀበሉም። ማታ መንገድ ላይ ሳለን ደውለው «በላች?» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ምን ትላላችሁ? ማንም የማያየውን መስመር አንብቦ ገበያውን የሚተው ሰው ነው የልጅ ምግብ የሚታመንበት።

አሠራራቸውን ልዘርዝረው፤ ራሳችሁ ለምትጋግሩም ይጠቅማል። እርሾው ከድሮ ጀምሮ ከጤፍ ብቻ ነው። ድብልቅ ካለበት ቤት የተወሰደ እርሾ ግሉተኑን ይዞ ስለሚመጣ ከጎረቤት አይበደሩም። ሊጡ እስከ ሦስት ቀን ይቦካል፤ ከላይ የሚቋረውን ውሃ ያፈሱታል። ቀጥሎ የሚመጣው አብሲት ነው፤ ንጹህ ጤፍ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ እየጨመሩ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ያበስሉታል። ከዚያ ለብ እስኪል ያቀዘቅዙና ወደ ሊጡ ይመልሱታል። ትኩስ እያለ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ እንደገና ኩፍ ሲል ይጋገራል። አብሲት የተዘለለበት የጤፍ እንጀራ ሲጠቀለል ይፈረካከሳል፤ መኪና ውስጥ ደግሞ ያ ፍርፋሪ ነው የሚሆነው።

ምጣዳቸው ሁለት ነው። አንዱ አምባሻ ይነካዋል። የጤፉ ምጣድ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ ጭልፋው ሁሉ ከዚያው ጋር ለብቻው ተቀምጧል። አምባሻ በጋገሩበት ቀን የጤፍ ሊጥ አይከፍቱም፤ የስንዴ ዱቄት አየር ላይ ቆይቶ ስለሚያርፍ። ምስርና ሽምብራውን ነጭ ትሪ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይለቅማሉ። እስቲ አንድ ኪሎ ምስር ግዙና ብርሃን ያለበት ቦታ ዘርግታችሁ እዩት፤ ስንዴ ወይም ገብስ ፍሬ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ እርሻውም መጋዘኑም አንድ ነውና። ለቀማው ካለቀ በኋላ ያጥቡታል።

ለመንገድ የሚያሰናዱት ደግሞ ለብቻው ሙያ ነው። እንጀራው በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይጠቀለልም፤ እንፋሎቱ ከታፈነ ላብ ይሆንና በማግስቱ ይሻግታል። አንድ አንዱን ጠቅልለው በንጹህ ጨርቅ፣ ከዚያ በላስቲክ ያደርጉታል። በረዶ ያለበት ኩለር ውስጥ አታስገቡት ይላሉ፤ ብርድ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ኩለሩ ለወጡ፣ ለእንቁላሉና ለእርጎው ነው። የኩለሩ ቅዝቃዜ ከ40 ፋራናይት፣ ማለትም ከ4 ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም። ከኩለር የወጣ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ መኪናው ውስጥ ከ90 ፋራናይት በላይ ከሞቀ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። የውሃ ጠርሙሶችን አስቀድሞ አቀዝቅዞ በበረዶ ፋንታ መደርደር ጥሩ ነው፤ ሲቀልጥ ይጠጣል፣ ምግቡም አይረጥብም።

ትኩስ ምግብ በፔርሙስ ሲያዝ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባዶውን ፔርሙስ የፈላ ውሃ ሞልቶ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ውሃውን ደፍቶ ወዲያው የሚፋጀውን ሽሮ መገልበጥ ነው። ቀዝቃዛ ፔርሙስ ውስጥ የገባ ሽሮ ሪችመንድ ሳትደርሱ ለብ ይላል። ለብ ያለ ምግብ ደግሞ ይበላሻል።

ከሁሉም በላይ የምወድላቸው ግን ድርቆሻቸው ነው። የጤፍ እንጀራውን ቀደው፣ በኦቨን በዝቅተኛ እሳት እስኪንኮሻኮሽ አድርቀው በጠርሙስ ይሰጣሉ። አይሻግትም፣ ብርድ አይፈልግም፣ መኪናው ግላቭ ቦክስ ውስጥ እንኳ ይቀመጣል። ከቁሌት ጋር ነው የሚይዙላችሁ። በተራበች ሰዓት ቁሌቱን ከፔርሙስ ድርቆሹ ላይ አፍስሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ፍርፍር ሆነ። ቁሌቱ ካለቀ ጋዝ ስቴሽን ቡናው አጠገብ ያለው ፍል ውሃ ትንሽ ቅቤና በርበሬ ተጨምሮበት ይበቃል። ሳህንና ማንኪያ ከራሳችሁ ይሁን። መንገድ ተዘግቶ ሰዓታት ብትቆሙ እንኳ ልጅ አይራብም።

ከአትላንታ መንገድ ጋር ላያይዘው፤ ከዲሲ 640 ማይል ያህል ነው። በሃይዌይ 95 ሪችመንድን አልፎ ፒተርስበርግ ላይ ሃይዌይ 85 ይያዛል፤ ከዚያ ደርሃም፣ ሻርለት፣ አትላንታ። የተያዘው ምግብ ካለቀ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ከመንከራተት አምስት ደቂቃ ከሃይዌይ ወጥቶ ሱፐርማርኬት መግባት ይሻላል። ሙዝ፣ ፖም፣ የተላጠ ቅቅል እንቁላል፣ ጣዕም ያልገባበት እርጎ፣ የታሸገ አይብ፣ «ግሉተን ፍሪ» የሚል የበቆሎ ቺፕስ። ካሮላይናና ጆርጂያ ስትገቡ መንገድ ዳር ቅቅል ኦቾሎኒ ይሸጣል፤ በጨው ብቻ የተቀቀለውን ውሰዱ፣ ቅመም ያለበትን ተዉት። ንፍሮ የለመደ ልጅ ይወደዋል።

ከፈጣን ምግብ ቤት ጥብስ ድንች ከመግዛታችሁ በፊት ዘይቱን ጠይቁ። በዱቄት የተለወሰ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የወጣ ድንች ለዚህ ልጅ ድንች አይደለም። ዳቦውን አንስቶ ሥጋውን መስጠትም አይሆንም፣ ፍርፋሪው ተነካክቷልና። ሶያ ሶስ አብዛኛው ስንዴ አለበት።

መኪና ውስጥ ደግሞ እናታችን የሚመክሩት፣ ወንድምና እህትም ያንኑ ምግብ ይብሉ ነው። ብስኩት የበላ ልጅ ፍርፋሪው ወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ የእሷ እጅ እዚያ ይገባና ወደ አፏ ይሄዳል። የእጅ ሳኒታይዘር ጀርም እንጂ ግሉተን አያነሳም። በሳሙናና ውሃ መታጠብ፣ ካልተቻለ በእርጥብ መጥረጊያ አጥብቆ መጥረግ ያስፈልጋል።

ዋጋቸው ከሱቅ እንጀራ ይበልጣል፤ ይገባቸዋልም። ድብልቅ የሌለው ጤፍ ውድ ነው፣ ለቀማው ጊዜ ይበላል፣ ሁለት ምጣድ መያዝም ወጪ ነው። እባካችሁ አትከራከሯቸው። እባካችሁ ደግሞ ሞክሯቸው፤ በዚህ አካባቢ ለልጃችሁ የሚሆን እንጀራ አጥታችሁ ሩዝ ብቻ ቋጥራችሁ የምትነዱ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ማዘዝ የምትፈልጉ፣ ሊጡ ሦስት ቀን ስለሚቦካ ከአራት ቀን በፊት ደውሉ። ስትደውሉ መጀመሪያ «ለሲሊያክ ልጅ ነው» በሉ፤ ድርቆሽ ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ጨምሩ። የምትነሱበትን ሰዓት ንገሯቸው፣ እንጀራው ቀዝቅዞ እንዲጠቀለል ከዚያ ወደኋላ ቆጥረው ነው የሚጋግሩት። ዕቃ የምትወስዱ ከሆነ አዲስ ወይም ዳቦ ነክቶት የማያውቅ ይሁን፤ ካልሆነ አይሞሉላችሁም። በሰሙነ ሕማማት አይጋግሩም፣ ለፋሲካ የምትጓዙ ከሆሳዕና በፊት ውሰዱ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።