ኤቨርግሌድስን በካያክ፣ በብስክሌት ወይስ በእግር?

የደቡብ ፍሎሪዳው ኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ 6 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከመኪና መስኮት ለሚያየው ሰው ግን ሣር ነው፣ ቀጥሎም ሣር ነው። ተራራም ገደልም የለው፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው መሬት ጥድ ያበቅላል፣ ጥቂት ዝቅ ያለው ውኃ ያቁራል። እንዲህ ያለ አገር ዓይንን ወደ መሬት ባስጠጉት መጠን ይገለጣል። እኔም ሦስቱን የጉብኝት መንገዶች፣ ካያክ የተባለችውን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ብስክሌትንና እግርን፣ የምመዝናቸው በዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ወቅቱን ይምረጡ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ውኃው ስለሚሸሽ እንስሳቱ በቀሩት ኩሬዎችና ቦዮች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በዝናቡ ወራት የሄደ ሰው ደግሞ ለትንኝ ቀለብ ይሆናል።

ብስክሌቱ ሻርክ ቫሊ በተባለው በር ነው፣ ከማያሚ ወደ ምዕራብ በ41 ቁጥር አውራ ጎዳና። 24 ኪሎ ሜትር የሚዞር የአስፋልት መንገድ አለ፤ የግል መኪና አይገባበትም፣ ብስክሌት እዚያው ይከራያል። የምዕራቡ ክፍል በቦይ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲሆን፣ በ1946 ነዳጅ ፍለጋ የመጣ ኩባንያ የሠራው ነው። ነዳጁ ቀርቶ ቦዩ የአዞ ዘመድ ለሆኑት አሊጌተሮች ተረፈ፤ አስፋልቱ ዳር ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ያገኟቸዋል። ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ብዙ እንስሳ በአጭር ሰዓት ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም። ችግሩ ጥላ አለመኖሩና አቋራጭ አለመኖሩ ነው፦ ግማሽ ላይ ካለው የመመልከቻ ማማ ሲደርሱ ቢደክምዎት፣ ወደፊትም ወደኋላም ያው ነው። ነፋስ ከፊት ከመጣ ሜዳው ዳገት ይሆናል። ትንንሽ ልጆች የያዘ ሰው በዚያው መንገድ የሚዞረውን የጎብኚዎች ተሽከርካሪ ቢይዝ ይሻለዋል።

ካያኩ ሌላ ዓለም ነው። ለአንድ ቀን የምመርጠው ከሆምስቴድ ከተማ በኩል ገብተው በፓርኩ ደቡብ ጫፍ ወዳለው ፍላሚንጎ የተባለ ቦታ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውን ናይን ማይል ፖንድ ነው፤ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ቁጥር የተጻፈባቸው ነጫጭ ምሰሶዎች መንገዱን ይመራሉ፤ አንዱ ሳይታይ ሌላውን መልቀቅ አይገባም፣ ማንግሮቭ የሚባለው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ሁሉ አንድ ይመስላልና። ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ሁለት ጫፍ ያለው መቅዘፊያ ሥርና ቅርንጫፍ እየያዘው ያስቸግራል፤ እኔ ግማሹን መንገድ ቅርንጫፍ በእጄ እየሳብኩ ነው ያለፍኩት። ዝምታው ግን ዋጋ አለው። ዓይን ከውኃው እኩል ስለሚሆን ብስክሌተኛው የማያየውን፣ ውኃው ላይ እንደ እርጥብ ስፖንጅ የተንሳፈፈውን ቡናማ የአልጌ ምንጣፍ ያያሉ፤ የዚህ ሁሉ ሕይወት ምግብ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ደረቁ ወቅት ሲያልቅ ውኃው ጀልባ ለማንሳፈፍ ሊያንስ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ከኤቨርግሌድስ ሲቲ እስከ ፍላሚንጎ የሚደርሰው የ159 ኪሎ ሜትር የውኃ መንገድ የብዙ ቀን ጉዞ ነውና እዚህ አልቆጥረውም።

የእግር ጉዞ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንሂንጋ የተባለው መንገድ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበርም ይሄዱበታል፤ አቅመ ደካማ ለያዘ ቤተሰብ እሱ ይበቃል። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን የጥንብ አንሳዎችን ነገር አይናቁ፤ የመስኮትና የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ይቦጫጭቃሉ፣ መኪና መሸፈኛ ሸራ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ከአስጎብኚ ጋር ውኃው ውስጥ መግባት ነው። ከሩቅ ኮረብታ የሚመስል፣ ሳይፕረስ የተባለ ዛፍ ደን አለ፤ ዛፎቹ መሐል ላይ ረዣዥም፣ ዳር ላይ አጫጭር ናቸው። ውስጡ ሲገቡ ግን መሬቱ መሐል ላይ ነው ዝቅ የሚለው፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ አንዳንዴም ወደ ወገብ ይወጣል። ኮረብታ ያሉት ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል። ያንን በእግሬ ስዳስስ ነው ሁለቱ ጉዞዎች ያሳዩኝ ነገር የገባኝ። የኖራ ድንጋዩ ቀዳዳ ስለበዛው ዱላ ያስፈልጋል፤ ብቻዎን ግን አይሞክሩት።

በመኪና መግቢያው 35 ዶላር ሲሆን 7 ቀን ያገለግላል፤ ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። ልጆች ካሉ ብስክሌቱን ወይም አንሂንጋን፣ ክንድዎ ከጠና ካያኩን ይያዙ። እኔን አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ውኃ ውስጥ የሚገባውን የእግር ጉዞ እወስዳለሁ። ረጅም ሱሪ፣ ጣት የሚሸፍንና ማሰሪያ ያለው ጫማ ያስፈልጋል፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ ያድርጉት፣ ጭቃው ጫማ ሲወስድ አይመልስም።