ሞንትሪያል ከልጆች ጋር፦ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ሠፈር?

ወደ ሞንትሪያል ለመዛወር የሚዘጋጅ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ነው። ልጆች ካሉ ግን ጥያቄው በሌላ ቢጀመር ይሻላል። በዚህች ከተማ ልጁ የት እንደሚማር የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ወላጆቹ የያዙት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሌላው የሚኖሩበት አድራሻ። ፈቃዱ እንደፈለጉ የሚቀያየር አይደለም። አድራሻውን ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹን፣ ከዚያ ቤቶቹን አነጻጽራለሁ፤ የትኛው ለማን እንደሚሻልም የራሴን ሐሳብ እናገራለሁ።

ከሁሉ በፊት ሕጉ

ሞንትሪያል የምትገኝባት የካናዳ ግዛት ኬቤክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተርን አወጣች። ሰዉ በተለምዶ “ሕግ 101” ይለዋል። በዚህ ሕግ መሠረት ከውጭ የመጡ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በፈረንሳይኛ ነው። በመንግሥት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የመማር መብት ያላቸው በዋናነት የካናዳ ዜጋ ከሆኑት ወላጆቻቸው አንዱ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን አብዛኛውን ካናዳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማረላቸው ልጆች ናቸው። መንግሥት በከፊል የሚደጉማቸው የግል ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። ምንም ድጎማ የማይቀበሉት ብቻ ማንኛውንም ልጅ በእንግሊዝኛ ማስተማር ይችላሉ።

በጊዜያዊ የሥራ ወይም የትምህርት ፈቃድ ለሚመጡ ወላጆች አንድ የተለየ በር አለ። ልጃቸው በመንግሥት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት እንዲማር ማመልከት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ ግን ይህ በእንግሊዝኛ የመማር ፈቃድ ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ ሲያልቅም አይታደስም። ብዙ ወላጆች ይህን በር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸውም ይገባኛል። ሆኖም ነገሩን በልጁ ዕድሜ አስሉት። በ7 ዓመቱ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በ10 ዓመቱ፣ ሒሳቡም ንባቡም በሚጠጥርበት ወቅት፣ ፈረንሳይኛን ከፊደል ይጀምራል። ከ3 ዓመት በፊት ኬቤክን እንደምትለቁ እርግጠኛ ከሆናችሁ ተጠቀሙበት። ለመቅረት የምታስቡ ከሆነ ግን ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ፈረንሳይኛ ውስጥ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከግል ትምህርት ቤት

የመንግሥቱ ነፃ ነው። ፈረንሳይኛ የማይችል ልጅ “ክላስ ዳኬይ” በሚባል የመቀበያ ክፍል ይመደባል። እዚያ ያለው የተማሪ ቁጥር ከመደበኛው ክፍል ያነሰ ነው፣ የቀኑም ዋና ሥራ ቋንቋው ነው። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ የትምህርት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ይቆይና ደረጃ በደረጃ ወደ መደበኛው ክፍል ይሻገራል። በዙሪያው ያሉት ልጆች ሁሉ እንደ እሱ አዲስ ስለሆኑ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ለመናገር አያፍርም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ጉድለትም አለው። የመቀበያ ክፍል በሁሉም ትምህርት ቤት አይገኝም። ቤታችሁ ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ቢሆንም ልጁ ራቅ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ሊላክ ይችላል፤ ቋንቋውን ሲጨርስ ደግሞ ወደ ሠፈሩ ትምህርት ቤት ይመለስና ጓደኞቹን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአካባቢውን የትምህርት አገልግሎት ማዕከል፣ ማለትም የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት፣ አግኙና “በዚህ አድራሻ ለዚህ ዕድሜ ልጅ የመቀበያ ክፍሉ የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ሞንትሪያል ያረፈችበትን ደሴት መሃል የሚያስተዳድረው የሞንትሪያል ማዕከል ነው፤ ቬርዳንን፣ ላሳልን፣ ሳን ሎራንንና የምዕራቡን ክፍል የሚያስተዳድረው ደግሞ የማርግሪት ቡርዧ ማዕከል ነው።

“ልጄ እንግሊዝኛውን ያጣል” የሚለውን ስጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይሰጣል፤ ከተማዋም ራሷ እንግሊዝኛ የሚነገርባት ናት። እዚህ ያደገ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋዎች ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ያልተደጎሙት የእንግሊዝኛ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከባድ ነው። በስም የታወቁት ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000 የካናዳ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ክፍያውን አሠሪ መሥሪያ ቤት የሚሸፍን ከሆነ፣ ልጁም 15 ወይም 16 ዓመት ሆኖት ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ከሆነ፣ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለሁለትና ለሦስት ትንንሽ ልጆች ግን በዚያ ገንዘብ ጥሩ ሠፈር ውስጥ ሰፋ ያለ ቤት መከራየት ይቻላል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች መማር በመንግሥት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የመግባት መብትን በራሱ አያስገኝም።

በሁለቱ መካከል የፈረንሳይ መንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ኮሌጅ ስታኒስላስና ኮሌጅ ማሪ ደ ፍራንስ አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሁለተኛው በ1939 ተመሠረተ። ተማሪው የሚጨርሰው ባካሎሬያ በሚባለው የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። ሥራቸው በየጥቂት ዓመቱ ከአገር አገር ለሚያዘዋውራቸው ወላጆች ከዚህ የሚሻል የለም፤ ልጁ በሚቀጥለው አገር በሚገኝ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ካቆመበት ይቀጥላል። ፈረንሳይኛ ጨርሶ ለማያውቅ ትልቅ ልጅ ግን በሩ ጠባብ ነው።

ዕድሜ ሁሉን ይለውጣል

እስከ መስከረም 30 (በፈረንጅ አቆጣጠር) 5 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያው ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ትምህርት ከ6 እስከ 16 ዓመት ግዴታ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ 6 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ 5 ዓመት ይወስዳል፤ 12ኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ደረጃ ሲያልቅ ተማሪው ሴጄፕ ወደሚባለው ኮሌጅ ይገባል፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው 2 ዓመት፣ የሙያው 3 ዓመት ነው።

ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ሊጨነቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ የሠፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይበቃዋል። የዚህ ቤተሰብ ፈተና ገና ለትምህርት ቤት ያልደረሰው ልጅ ነው። በድጎማ የሚሠሩት የሕፃናት ማቆያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ ልጅ በቀን 9.10 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። ድጎማ ከሌላቸው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ሻንጣ ሳይዘጋጅ ልጁን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ ለድጎማው ስለማያበቃም የራሳችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ የመቀበያ ክፍል ገብቶ ሁለተኛ ደረጃን በመደበኛው ክፍል ለመጀመር በቂ ጊዜ አለው። የሚያሳስበኝ ከ14 ዓመት በላይ ያለው ነው። ቋንቋውን እየተማረ ሌሎቹን ትምህርቶች ስለሚያቆይ ከእኩዮቹ ይዘገያል፤ ዲፕሎማውን ለማግኘት ደግሞ የመጨረሻውን ዓመት የፈረንሳይኛ ፈተና ማለፍ አለበት። 16 ዓመት የሞላው ወደ ጎልማሶች ትምህርት ማዕከል ሊመራ ይችላል፤ እዚያ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ የእኩዮቹን ስብስብ ግን ያጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከመምጣታችሁ ከአንድ ዓመት በፊት ፈረንሳይኛ አስጀምሩት። ለዚህ የምታወጡት ገንዘብ ከሌላው ወጪያችሁ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ወደ ቤቱ ስንመጣ

ማስታወቂያዎቹ ላይ 3½፣ 4½፣ 5½ የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ½ የምትባለው መታጠቢያ ቤቷ ናት። የቀረው ሳሎኑን፣ ኩሽናውንና መኝታ ክፍሎቹን ይቆጥራል። ስለዚህ 4½ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት መኝታ፣ 5½ ባለ ሦስት መኝታ ነው። ዝግ መኝታ ያልሆነውን ክፍል እንደ መኝታ የሚቆጥሩ አከራዮች ስላሉ ፎቶውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

የሞንትሪያል መለያ የሆነው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ነው፤ ብዙዎቹ ደረጃቸው ውጭ ነው። ክፍሎቹ ሰፋ ያሉ፣ ጎረቤቱ ጥቂት፣ ብዙ ጊዜም ከኋላው ትንሽ ግቢ ያለው ነው። በሌላ በኩል ድምፅ ከላይ ወደ ታች ይሰማል፤ የሕፃን ጋሪ ይዞ በረዶ የጋገረበትን የውጭ ደረጃ መውጣትም ቀላል አይደለም። ሕፃን ላለው ቤተሰብ ምድር ቤቱ፣ ትልልቅ ልጆች ላሉት ከራስ በላይ ሰው የሌለበት የላይኛው ፎቅ ይሻላል። ትልልቆቹ የአፓርታማ ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ ማሞቂያውም ብዙ ጊዜ በኪራዩ ውስጥ ነው። በአሮጌዎቹ ግን ሻጋታና በረሮ መኖር አለመኖሩን ኩሽናው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ሁለት ቤቶችን ስታወዳድሩ የኪራዩን ቁጥር ብቻ አትዩ። ማሞቂያው በተከራዩ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የክረምቱ ወጪ የእናንተ ነው። ብዙ ቤቶች ያለ ፍሪጅና ያለ ምድጃ ነው የሚከራዩት። ርካሽ የመሰለው ቤት እነዚህ ሲደመሩበት ከውዱ ሊበልጥ ይችላል።

ሕጉ ለተከራይ ያደላል፤ አዲስ መጤ ግን ስለማያውቀው ይጎዳል። በኬቤክ አከራይ ዋስትና ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም፤ አስቀድሞ ሊቀበል የሚችለው የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ብቻ ነው። የሁለትና የሦስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቃችሁ ሕግ እየጣሰ ነው። ልጅ አላችሁ ብሎ መከልከልም አይችልም፤ ይህ የሚፈቀደው ቤቱ ለቤተሰቡ ቁጥር በእርግጥ ሲጠብ ብቻ ነው። ውሉ የሚጻፈው የኬቤክ የቤቶች ፍርድ ቤት ባዘጋጀው ቅጽ ሲሆን፣ ባለፉት 12 ወራት የተከፈለው ዝቅተኛ ኪራይ የሚሞላበት ቦታ አለው። ልዩነቱ ከበዛ ከፈረማችሁ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ኪራዩ እንዲወሰንላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ሕንፃው ከተሠራ 5 ዓመት ካልሞላው ግን ይህ ከለላ ላይኖር ይችላል፤ እሱም ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ቤት መግዛትን ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም። ካናዳ ዜጋም ቋሚ ነዋሪም ያልሆኑ ሰዎች የመኖሪያ ቤት እንዳይገዙ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ገድባለች። ቋሚ ነዋሪ የሆነው ቢችልም እንኳ ልጁ የት ትምህርት ቤት እንደሚረጋ ሳያውቅ አድራሻውን ለዓመታት ማሰሩ ችኮላ ነው።

ሠፈር ከሠፈር

ኮት ዴ ኔዥ አዲስ መጤ የሚበዛበት ነው። ሜትሮው (የከርሰ ምድር ባቡሩ)፣ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲና ሳንት ዡስቲን የተባለው የሕፃናት ሆስፒታል በአቅራቢያ ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ አዲስ ልጅ መቀበል ለምደዋል። መኪና ለሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ የቤቶቹ አያያዝ ግን በጣም ስለሚለያይ በአካል ሳያዩ መፈረም አይገባም። ቬርዳን ወንዝ ዳር ያለ ነው፤ ሜትሮ አለው፣ ለልጆች መጫወቻውም ሰፊ ነው፤ ኪራዩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ላሳል ጸጥ ያለና ቦታ የሚገኝበት ነው፤ ወደ ሜትሮ ለመድረስ አውቶቡስ ያስፈልጋል።

የደሴቲቱ ምዕራብ ግቢ ያላቸው ቤቶችና ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያሉበት ነው። ወላጆች በዚህ ይሳባሉ። ልጁ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት መግባቱ ግን እዚያም አይቀርም፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ቋንቋውን የሚሰማበት ዕድልም ያንሳል። መኪና የግድ ነው። ከደሴቲቱ ውጭ ያሉት ላቫልና ብሮሳር በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት ያስገኛሉ። ላቫል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሦስት የሜትሮ ጣቢያዎች አሉት፤ ብሮሳርን ከመሃል ከተማው የሚያገናኘው ቀላል ባቡር በ2023 ሥራ ጀምሯል። ሁለቱም ወላጆች መሃል ከተማ የሚሠሩ ከሆነ ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጁን የሚረከበው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

መቼ ትደርሳላችሁ?

አብዛኛው የኪራይ ውል ሐምሌ 1 (በፈረንጅ) ይጀምርና በሰኔ 30 ያልቃል፤ ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ነው። በበጋ መጀመሪያ የደረሰ ቤተሰብ ሁለቱንም ይገጥማል። በጥር ወይም በየካቲት የምትደርሱ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ልጁን በዓመቱ አጋማሽም ይቀበላል፤ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርዱንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። የቤት ምርጫው ግን በዚያ ወቅት ጠባብ ነው። እስከ ሰኔ 30 ብቻ ከሌላ ተከራይ ላይ መከራየት ይቻላል፤ ውሉ አጭር ስለሆነ ከስሕተት መውጣቱ ይቀላል። ይህንንም ጊዜያዊ ቤት ልትቆዩበት በምታስቡት ሠፈር ፈልጉት። አለዚያ ሐምሌ ላይ ሠፈር ስትቀይሩ ልጁ ገና የለመደውን ትምህርት ቤትም ሊቀይር ይገደዳል።